ንባቡ አይፋቅ፥ ትርጓሜውም አይቅር
በቀደሙ መጻሕፍት ስለሚገኝ የንቀት ቃልና ስለ ትምህርት ቤት

መጽሐፍ የሚያስተምር ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ለመጽሐፉ ነው፤ ደራሲው የጻፈውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለተማሪው ማድረስ ይገባዋል። ሁለተኛው ዕዳ ለተማሪው ነው፤ በፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ሳያሳፍርና ሳያቈስል ወደ ዕውቀት ማድረስ ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሁለት ዕዳዎች አይጣሉም፤ አንዱን በሚገባ የከፈለ መምህር ሌላውንም ከፍሎ ይገኛል። ነገር ግን መጽሐፉ በዕድሜው የከበረና በጥበቡ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፥ በውስጡ አንድን ሕዝብ የሚያዋርድ ስም ወይም ቃል የተገኘበት እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ዕዳዎች በመምህሩ ላይ በአንድ ቀን ይመጣሉ። ለመጽሐፉ ሲታመን ልጁን ያቈስላል፤ ለልጁ ሲራራ መጽሐፉን ይፍቃል። በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ በኢትዮጵያም ከሌላው አገር ይልቅ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም።

ጥያቄው በመጽሐፍ ብቻ የተጻፈ ረቂቅ ነገር እንዳይመስል አንድ ስፍራ ማየት ይበቃል። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ በኮቸሬ ወረዳ ጨለለቅቱን ያገኛታል። ተራራው እስከ ጫፉ ድረስ በእንሰትና በቡና የተሸፈነ ነው፤ እንሰቱና ቡናው የሚያድጉትም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ይህ የጌዴኦ ሕዝብ የእርሻ ጥበብ፥ ጥንት ከቆሙት ትክል ድንጋዮች ጋራ፥ እ.ኤ.አ. በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለች ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ የጌዴኦ ልጅ፥ የጉጂ ኦሮሞ ልጅ፥ ከሰሜን ለንግድ ወይም ለመንግሥት ሥራ የመጣ ሰው ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ቢቀመጡ አያስደንቅም። የጌዴኦው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ጌዴኡፋ ነው፤ አማርኛን ጠለቅ ብሎ የሚያውቀው በመጽሐፍና በመምህር ነው። እንግዲህ የአማርኛና የግእዝ መጻሕፍት ለዚህ ልጅ እንደ እንግዳ ቤት ናቸው፤ በበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ስድብ የሆነ እንደ ሆነ ተመልሶ ይወጣል፤ ወይም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

የጌዴኦ ሕዝብ ስም ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፥ ዲላ ዋና ከተማው የሆነችው አውራጃ በመንግሥት መዝገብ የሚጠራው ደራሳ ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ራሱን የሚጠራው ጌዴኦ ብሎ ነው። ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው በሚያወርሱት የትውልድ ሐረግ፥ ዳራሶ የሰባቱ የጌዴኦ ነገዶች አባት ነው፤ የጉጂዎች አባት የሚባለው የጉጆም ታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ ቃሉ ከነውር የተወለደ አይደለም፤ የአባት ስም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ገባር፥ መሬቱም የባለ ርስት በነበረበት ዘመን፥ በጌታ አፍ ሲነገር ንቀትን እየለበሰ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ሚችሌ ላይ በተነሡ ጊዜ ያስነሣቸው የግብሩ ክብደት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ያከበደው መልአክ ሳይሆን የሰው ትዕቢት ነው። ዛሬ በመንግሥት ቋንቋ ጌዴኦ የሚለው ስም ጸንቷል። የቀደሙት መጻሕፍትና መዛግብት ግን እንደ ተጻፉ ናቸው፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባ ተማሪ የቀደመውን ስም ያገኘዋል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን፥ ሕፃናትን የሚያዋርድ ቃል ያለበት መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይውጣ፥ ወይም ቃሉ ተለውጦ ይታተም ይላል። ምክንያቱም ቀላል አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስድቡን በጽሑፍ የሚያነብ የተሰዳቢው ልጅ፥ ስድቡ ከመንግሥትና ከመምህር ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል፤ የሰዳቢው ልጅም የአያቱ አነጋገር በመጽሐፍ የጸደቀ ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን፥ መጽሐፍ የአባቶች ቃል ነውና አንዲት ፊደል አይነካ፤ ዛሬ ስለ ስድብ የተፋቀ ነገ ስለ ፖለቲካ፥ ከነገ ወዲያም ስለ ሃይማኖት ይፋቃል፤ በመጨረሻ የሚቀረው የማንም ያልሆነ መጽሐፍ ነው ይላል። ይህም ምክንያት ቀላል አይደለም። የሁለቱም ወገኖች ጕድለት ግን አንድ ነው፤ የንቀት ቃልን ሁሉ እንደ አንድ ነገር ይቈጥሩታል። አንዱ ሁሉንም ይፍቃል፤ ሌላው ሁሉንም ይተዋል። ቃሉ ግን አንድ አይደለም፤ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው፥ በደራሲው ዘመን እንደ ተራ ስም ሲነገር የኖረና በኋላ የተጠላ ቃል ነው። ሁለተኛው፥ ደራሲው በክፉ ሰው ወይም በተሳሳተ ሰው አፍ አስቀምጦ የሚፈርድበት ቃል ነው። ሦስተኛው፥ ደራሲው ራሱ አምኖበት የጻፈው ንቀት ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ የሚያስተምር መምህር፥ መድኀኒቱንና መርዙን በአንድ ብልቃጥ እንደሚያኖር ባለ መድኀኒት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ምርመራ አይሻም። በአሮጌ መዝገብና በአሮጌ ካርታ ደራሳ፥ ወላሞ፥ ፈላሻ የሚሉ ስሞች ሲገኙ፥ ጸሐፊው ሁልጊዜ ሊሰድብ አስቦ ነው ማለት አይቻልም፤ የሰማውን ጽፏል። ነገር ግን ጸሐፊው ሳይሰድብ ስሙ ሊሰድብ ይችላል፤ ምነው ቢሉ፥ ስም የሚኖረው በጸሐፊው አሳብ ብቻ አይደለም፥ በተጠሪውም ጆሮ ነው። ስለዚህ መዝገቡ እንዳለ ይቀመጣል፤ መምህሩ ግን በገዛ አፉ ሲናገር ጌዴኦ፥ ወላይታ፥ ቤተ እስራኤል ይላል። ይህን ማድረግ መጽሐፉን መካድ አይደለም። በመጽሐፉ ያለው የጸሐፊው ቃል ነው፤ በመምህሩ አፍ ያለው የመምህሩ ቃል ነው፤ እያንዳንዱም በየራሱ ቃል ይጠየቃል።

የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ በአማርኛ ልብ ወለድ ዘንድ ታላቁ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ፥ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ እየተነበበ ማንበብ በማይችለው ሕዝብ ዘንድ እንኳ የታወቀው፥ በጎጃም ባላባቶች ዘንድ የነበረውን የዘር ትዕቢት ይገልጣል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለባላባት እንጂ ለድሃ ልጅ ለመስጠት የማይፈቅዱ ናቸው፤ በዛብህ ትምህርት ቢኖረውም በእርሳቸው ሚዛን ዘር ስለሌለው ሰው አይሞላም። የትዕቢቱ ቃል ከመጽሐፉ ቢወጣ መጽሐፉ ራሱ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ጉዱ ካሣ የሚከራከረው ከዚያ ትዕቢት ጋራ ነው፥ ሁለቱ ወጣቶች የሚጠፉትም በዚያው ትዕቢት ነው። እንዲህ ባለው መጽሐፍ የንቀት ቃል የበሽታው ምልክት ነው፤ ምልክቱን የሸፈነ ሐኪም በሽታውን አልፈወሰም።

ይኸው ጕዳይ በአሜሪካ ያስነሣው ክርክር ለኢትዮጵያ መምህራን ትምህርት ሊሆን ይችላል። ማርክ ትዌይን የጻፈው «ሀክልበሪ ፊን» እ.ኤ.አ. በ1884 በእንግሊዝ፥ በ1885 ደግሞ በአሜሪካ ታተመ። በባርነት አገር ያደገ አንድ ነጭ ልጅ፥ ጂም ከሚባል ከእመቤቱ ካመለጠ ጥቁር ሰው ጋራ በወንዝ ይጓዛል፤ ልጁ ጂምን አሳልፎ መስጠት ጽድቅ ነው ተብሎ የተማረ ሲሆን፥ በመጨረሻ ወዳጁን ከመክዳት ኵነኔውን ይመርጣል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮች የሚዋረዱበት ስም ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአላባማ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት፥ አላን ግሪበን በሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አዘጋጅነት፥ ያን ስም ባሪያ በሚል ቃል ለውጦ መጽሐፉን አሳተመ። አዘጋጁ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ጨርሶ እንዳይወጣ አስቦ ያደረገው ነው፤ አሳቡ ክፉ አይደለም። ሆኖም ባሪያ የሚለው ቃል ሰው የተጫነበትን ሁኔታ ይናገራል፤ የተፋቀው ስም ግን የጫኙን ልብ ይናገር ነበር። ልጁ ያደገበት ማኅበር ምን ያህል የታመመ እንደ ነበረ ካልታየ፥ ልጁ ከዚያ በሽታ ለመውጣት የከፈለው ዋጋ አይታይም። በሌላ በኩል ግን፥ በነጮች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ጥቁር ልጅ ያ ስም በመምህሩና በባልንጀሮቹ አፍ ደጋግሞ ሲነበብ መስማት ያለበት ለምንድር ነው የሚሉት ወላጆች እውነት አላቸው። መጽሐፉን ሳይፍቁ ይህን እውነት መመለስ ይቻላል፤ ቃሉ በዓይን ይነበባል፥ በክፍል ውስጥ ግን በድምፅ አይጠራም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መካከል የቆመ አንድ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፥ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። በዚህ መጽሐፍ ክርስቲያኑ ወገንና አረማዊው ወገን ይዋጋሉ፤ በመጨረሻም የአረማውያኑ ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል። መጽሐፉ ስለ ምሕረትና ስለ ደግነት ብዙ የሚያስተምር ነው። ነገር ግን አንባቢው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። አረመኔ የሚለው ቃል በመነሻው ያልተጠመቀ ሰው ማለት ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን ጨካኝ ማለት ሆኗል። በቃሉ ጕዞ ውስጥ ያልተጠመቀ ሁሉ ጨካኝ ነው የሚል ፍርድ ተደብቆ ገብቷል። አያቶቹ ማጌኖ ብለው ፈጣሪን ይለምኑ ለነበረ ለጌዴኦ ልጅ ይህን ቃል ሳይተረጕሙለት ማለፍ፥ አያቶችህ ጨካኞች ነበሩ ብሎ መንገር ነው። ተርጕመው ከነገሩት ግን፥ ቃል እንዴት እንደሚታመም የሚያስተምር የቋንቋ ትምህርት ይሆንለታል፤ ልጁም ከመጽሐፉ ሸሽቶ ሳይሆን በመጽሐፉ ላይ ሊቅ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉ ይከብዳል፤ በዚህ ረገድ የአባ ባሕርይን ድርሰት ያህል የሚከብድ ጥቂት ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግእዝ የጻፈው አጭር ድርሰት፥ ከርእሱ ጀምሮ ሕዝቡ ዛሬ የሚጠላውን ስም ይዟል፤ በመግቢያውም ስለ ሕዝቡ ጠባይ የሚናገረው ቃል የጠላት ቃል ነው። ደራሲው የጋሞ ሰው ነበር፤ አገሩ በጦርነት እንደ ተጠቃና ንብረቱ እንደ ተዘረፈ ራሱ ይናገራል። ጋሞ ደግሞ ለጌዴኦ ሩቅ አይደለም፤ ከአባያ ሐይቅ ማዶ በስተ ምዕራብ ያለ አገር ነው። እንግዲህ ይህን ድርሰት ስለ ስድቡ ከትምህርት ማውጣት ቀላል ይመስላል።

ነገር ግን ድርሰቱን ከመጨረሻው ያደረሰ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ይህ ነው፤ ስለ ገዳ ሥርዐት፥ ስለ ሉባዎች ስምና ተራ፥ ስለ ነገዶች አከፋፈል በጽሑፍ የተገኘው ቀዳሚ ምስክርነት በዚህ በጠላት እጅ የተጻፈ ድርሰት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1990ም መሐመድ ሐሰን ስለ ኦሮሞ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ባሕርይን እየመረመሩና እየተቹ ተጠቅመውበታል። የገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ሕዝብ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም የመሰከረለትን፥ ያ መነኵሴ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በቍጣ ብዕር መዝግቦት ነበር። ጌዴኦም ባሌ የሚባል የራሱ ሥርዐት፥ አባ ገዳም፥ ሶንጎ የሚባል የሸንጎ ስፍራም ያለው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በጨለለቅቱ ያለ ተማሪ በዚህ ድርሰት ውስጥ ከአያቶቹ ሥርዐት ጋራ የሚዛመድ ሥርዐት ተጽፎ ሊያይ ይችላል። ድርሰቱን ከእርሱ መንጠቅ ስድቡን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም መንጠቅ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ ባሕርይ ጠላቱን ብቻ ነቅፎ አልቀረም። የክርስቲያኑ ወገን በቍጥር እየበዛ ስለ ምን ተሸነፈ ብሎ ጠይቆ፥ የአገሩን ሕዝብ በዐሥር ክፍል ከፍሎ፥ ዘጠኙ የማይዋጉ፥ አንዱ ብቻ የሚዋጋ መሆኑን ይቈጥራል፤ ከማይዋጉትም መካከል የራሱን የመነኰሳቱን ክፍል አልደበቀም። ጠላቱን የሰደበው ብዕር የራሱን ወገን ዕውነት ለመናገር አላፈረም። ይህን ያላየ ተማሪ ባሕርይን ወይ ቅዱስ ያደርገዋል ወይ ርጉም ያደርገዋል፤ ያየ ግን ሰው መሆኑን ያውቃል። የኢትዮጵያ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ የባሕርይን ድርሰቶች ከሌሎች ሰነዶች ጋራ አዘጋጅቶ ለአማርኛ አንባቢ ማቅረቡም ታላቅ አገልግሎት ነው፤ ሰነድ በሰነድ አጠገብ ሲቆም አንዱ ሌላውን ይመረምረዋልና።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለዘመናዊው ትምህርት ቤት የሚያበድረው ጥበብ አለ። በጉባኤ ቤት መጽሐፍ ብቻውን ተሰጥቶ አያውቅም። ንባቡ በግእዝ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ ይተረጕማል፥ አንድም እያለ ምሥጢሩን ያፈላል፥ ሐተታውን ይጨምራል፥ ታሪኩን ይተርካል። ብሉዩም፥ ሐዲሱም፥ ሊቃውንቱም፥ መጽሐፈ መነኰሳቱም የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ንባቡን የሚለውጥ ተማሪ ይገሠጻል፤ ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን የማያውቅ ተማሪ ግን ገና ተምሯል አይባልም። ፈቂዎቹ ይህን የመጀመሪያውን ግማሽ ረስተዋል፤ አይነካ ባዮቹ ሁለተኛውን ግማሽ ረስተዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ነገር ምሳሌ ይሰጣሉ። ማርያምና አሮን ሙሴን ኢትዮጵያዊት ሴት በማግባቱ ባሙት ጊዜ፥ ኦሪት ሐሜቱን አልፋቀችም፤ በማርያም ላይ የወረደውን ለምጽና ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ መቈየቷን ግን ከሐሜቱ አጠገብ ጻፈች። ናትናኤል ስለ ናዝሬት የተናገረውን የንቀት ቃል ወንጌላዊው አልደበቀም፤ ናትናኤል ራሱ መጥቶ ባየ ጊዜ የመሰከረውን ግን አስከትሎ አኖረ። አይሁድ ጌታን ለመስደብ ሳምራዊ ብለው ጠሩት፤ ይኸው የስድብ ስም ደግሞ በወደቀው መንገደኛ ምሳሌ የርኅራኄ ስም ሆኖ ተገኘ። በሦስቱም ስፍራ የንቀቱ ቃል ቀርቷል፤ በአንዱም ስፍራ ግን ብቻውን አልቀረም። ፍርዱ አጠገቡ ቆሟል።

ይህ ፍርድ በዓለማዊ መጻሕፍት ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ግማሽ ፍርድ ነው። በነገሥታት ዜና መዋዕልና በአንዳንድ ገድላት ውስጥም ስለ ቤተ እስራኤል፥ ስለ እስላሞች፥ ስለ ሌሎችም ሕዝቦች የተጻፈ ክፉ ቃል አለ። ካህናት የሌላውን ወገን መጽሐፍ ለመመርመር ፈጥነው የራሳቸውን ለመመርመር ቢዘገዩ ምክራቸው አይሰማም። ስድብ በብራና ስለ ተጻፈ አይቀደስም። ካህኑም በመቅደስ ደጃፍ ሲያስተምር፥ ይህ ቃል የጦርነት ዘመን ቃል ነው፥ ወንጌል ግን እንዲህ አያስተምርም ብሎ ለመናገር ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ በሥራ ላይ የሚውለው ነገር ምንድር ነው? በመጀመሪያ፥ ዕድሜ ይጠበቅ። በታችኛው ክፍል ያለ ሕፃን ደራሲውን ከገጸ ባሕርዩ፥ ያለፈውን ዘመን ከዛሬው ገና አይለይም፤ ለእርሱ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ይሰጠው። ከባዱ መጽሐፍ ነገር መለየት ለጀመረ ተማሪ ይቈይ። ሁለተኛ፥ መምህሩ መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት ቃሉን አስቀድሞ ይንገር፤ ከየት እንደ መጣ፥ ማንን እንዳቈሰለ፥ ዛሬ ለምን እንደማይነገር ያስረዳ። ሳይነገረው በድንገት ስድብ ያገኘ ልጅ ይቈስላል፤ አስቀድሞ የተነገረው ልጅ ይመረምራል። ሦስተኛ፥ የተሰደበው ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ከመጽሐፉ ጋራ ይቅረብ። በጨለለቅቱ ይህ ሩቅ አይደለም፤ በሶንጎ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ ዳራሶና ስለ ጉጆ፥ ስለ ሰባቱ ነገዶች፥ ስለ ባሌ የሚያውቁትን ተማሪው ጠይቆ ቢጽፍ፥ ከመጽሐፉ ጋራ የሚተካከል ሌላ ምስክር በእጁ ይኖረዋል። አራተኛ፥ የቀደሙ መጻሕፍት ለትምህርት ቤት ሲታተሙ ንባቡ ሳይለወጥ በኅዳጉ ማብራሪያ ይታተም፤ ብራና የጻፉ አባቶች ያደርጉት የነበረውን ማተሚያ ቤት ለማድረግ አይሳነውም።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ መምህር በየገጠሩ ከወዴት ይገኛል? ክፍሉ ስድሳና ሰባ ተማሪ የያዘ፥ መጽሐፉም ለሦስትና ለአራት የሚዳረስ ሲሆን፥ ትርጓሜውን ማን ያፈላል? ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልሱም ሊሸሸግ አይገባም። ትርጓሜ የሌለው መምህር መጽሐፉን ያቈይ። ንባቡን ብቻ መዝጊያ እንደሌለው ጕድጓድ ከፍቶ ከመሄድ፥ መምህር እስኪሠለጥን ድረስ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ይሻላል። ይህ ግን መጽሐፉን ማውገዝ አይደለም፤ ዕዳው ከመጽሐፉ ላይ ተነሥቶ መምህራንን በሚያሠለጥኑት ላይ መጣሉ ነው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ምድር ይህን ሥልጠና ሊሻ ይችላል፤ ያለ ሥልጠና መጽሐፍ ብቻ የሚላክለት ትምህርት ቤት ግን ጥይት ያለ መሣሪያ አያያዝ እንደ ተላከለት ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ጥቂት ቃላት መብዛቱ የሚያስገርመው ሰው ቢኖር፥ የ2010 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ በኮቸሬ፥ በይርጋ ጨፌና በገደብ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የስደተኛ መጠለያ ሆኑ። ሕፃናት ፊደል ይቈጥሩበት በነበረው ክፍል እናቶች ገለባ አንጥፈው ተኙ። ይህን ግጭት መጽሐፍ አመጣው የሚል የለም፤ መሬት፥ ወሰንና ሥልጣን ብዙ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን ሰው ጎረቤቱን ከቤቱ ከማስወጣቱ በፊት ከሰውነት ስም ያስወጣዋል፤ ዱላው የሚከተለው ስሙን ነው። የዳራሶና የጉጆ ልጆች ወንድማማች መሆናቸውን የሚናገረው ትውፊት በሽማግሌዎች አፍ አለ፤ የሚያለያየው ስም ደግሞ በአሮጌ ወረቀት አለ። ትምህርት ቤቱ ሁለቱን በአንድነት አቅርቦ፥ ይህ እንዴት ከዚያ እንደ ተወለደ ካላሳየ፥ ልጁ ስሙን ከመንገድ ይማረዋል፤ መንገድ ደግሞ ትርጓሜ የለውም።

ስለዚህ የቀደሙት መጻሕፍት በትምህርት ቤት ይኑሩ፤ ፊደላቸውም አይፋቅ። የተፋቀ ስድብ የሰዳቢውን ኀጢአት ይሰውራል እንጂ የተሰዳቢውን ቍስል አያሽርም። ነገር ግን ያለ ትርጓሜ አይነበቡ፤ ያለ ጊዜያቸውም አይከፈቱ፤ የተሰዳቢውም ድምፅ ሳይሰማ አይዘጉ። በጨለለቅቱ ያለው ልጅ የአባ ባሕርይን፥ የአፈወርቅንና የሐዲስን መጽሐፍ የማንበብ መብት ከአዲስ አበባው ልጅ አያንስም፤ አንብቦም የአባቱን ስም በክብር ይዞ ከክፍል የመውጣት መብቱ እንደዚያው አያንስም። ሁለቱን መብቶች በአንድ ቀን የሚጠብቅ መምህር ሁለቱንም ዕዳዎች ከፍሏል። እግዚአብሔር ለሚያስተምሩ ማስተዋልን፥ ለሚማሩም ትዕግሥትን ይስጥ።